ሰባት ድንቢጦች

ሥራነሽ ወፍ ማልመድ የጀመረችው ባሏ በታሰረ በሦስተኛው ሳምንት ነበር።

ባሏ ድረስና የጎረቤቷ ልጅ እንዳላማው የተያዙት በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ ላይ ነው። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ፣ ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ መሽጎ፣ የጎጃም ሰው ደግሞ ጫካ ገብቶ የሚዋጋበት ጊዜ ነበር። ሁለቱ ጎረቤታሞች ለአርበኞች እህል አድርሰው ሲመለሱ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች አገኟቸው። በአህዮቻቸው ጀርባ ላይ ከባዶ ስልቻ በቀር የተገኘ ነገር አልነበረም። ነገር ግን ባዶ ስልቻ ይዞ ከጫካ የሚመለስ ሰው እህሉን ለማን እንዳራገፈ መጠየቁ አይቀርም። ሁለቱም "አናውቅም" ብለው ድርቅ አሉ። አህዮቹ ተወረሱ፤ እነሱም ደብረ ማርቆስ ወህኒ ቤት ገቡ።

ቤታቸው ከደብረ ማርቆስ ወደ ሉማሜ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። በአንዱ ወገን ሥራነሽና ድረስ፣ በሌላው ወገን የእንዳላማው እናት እመይቴ ወለተ ሚካኤል ይኖራሉ፤ መካከላቸው እስከ ወገብ የሚደርስ የድንጋይ ካብ አለ። ሥራነሽ ከተዳረች አራት ዓመት ቢሆናትም ልጅ ገና አላገኘችም። እመይቴ ባላቸው ከሞተ ቆይቷል፤ ከእንዳላማው ሌላ ልጅ የላቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱ ሴቶች አገልግላቸውን ተሸክመው ወህኒ ቤቱ በር ድረስ ይሄዳሉ። እስረኛ ማየት አይፈቀድም። ዘበኛው ምግቡን ይቀበልና ከቀትር በኋላ አገልግሉን ባዶውን ይመልሳል። ባዶ ከተመለሰ ሰውየው በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ያንን ይዘው ይመለሳሉ።

በቀሩት ስድስት ቀናት ሥራነሽ የምትይዘውን የምትጨብጠውን አጣች። የጠረገችውን ቤት መልሳ ትጠርጋለች። የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ወደ መንገዱ ትሮጣለች። እመይቴ ይህን ሲያዩ ሰነበቱና አንድ ማለዳ በካቡ ላይ ጠሯት።

"ነይ እስቲ ልጄ፣ እዚህ አጠገቤ ተቀመጪ።"

"ምን ልሥራ፣ እመይቴ?"

"ምንም አትሥሪ። ሥራው እሱ ነው።"

አሮጊቷ ከጌሾው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መዳፋቸውን ዘርግተዋል። መዳፋቸው ላይ ጥቂት ኑግ አለ። ሥራነሽ ቀስ ብላ እንደተቀመጠች ከግራዋው ውስጥ አንዲት ቀይ ድንቢጥ ወረደች፤ ካቡ ላይ አንድ ሁለቴ ዘለለችና አሮጊቷ አውራ ጣት ላይ ወጥታ ኑጉን ትለቅም ጀመር። አንድ እግሯ ቆልመም ያለ ነበር። ከእሷ ኋላ ሌላ መጣች፣ ከዚያም ሦስተኛ። ሥራነሽ ትንፋሿን ውጣ አየቻቸው። ያን ሁሉ ዓመት ጎረቤት ስትኖር አሮጊቷ ጓሮ የሚቀመጡት ፀሐይ ለመሞቅ ይመስላት ነበር።

"በየቀኑ በአንድ ሰዓት ኑጉን ካቡ ላይ አድርጊ" አሏት እመይቴ ወፎቹ ከሄዱ በኋላ። "ያንኑ ነጠላ ልበሺ። ዓይናቸውን አትዪ፤ ወፍን የሚበላት ሁሉ አስቀድሞ ያያታል። ሲቀርቡሽ ምራቅሽን እንኳ አትዋጪ፣ ልትበያቸው የተሰናዳሽ ይመስላቸዋል። ክንድሽ ቢደነዝዝ ታገሺ። ሌላ ዘዴ የለውም።"

መጀመሪያ ኑጉን ካቡ ላይ በትና ከሩቅ ተቀመጠች። በሳምንቱ አምስት እርምጃ ቀረበች። ሌላ ሳምንት ቆይታ እጇን ከኑጉ አጠገብ አሳረፈች፤ ወፎቹ ኑጉን ለቅመው እጇን ዞረው ሄዱ። ቀጥሎ ካቡ ላይ ምንም ሳታደርግ በመዳፏ ብቻ ያዘች። ሦስት ቀን አንድም አልመጣም። በአራተኛው ቀን ያቺ እግረ ቆልማማዋ መጥታ የትንሿን ጣቷን ጫፍ ያዘች። ጥፍሯ እንደ ደረቀ ሣር የቀለለ ነው፤ ሆዷ ግን ትኩስ ነበር። ሥራነሽ እንባዋ በጉንጯ ሲወርድ አልጠረገችውም፤ ከተንቀሳቀሰች ትሄድባታለች። የዚያን ዕለት ባሏ ከታሰረ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል አምሯት በላች።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች ማለዳ ማለዳ በካቡ ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ። አይነጋገሩም። ወፎቹ ከአንዷ እጅ ወደ አንዷ እጅ ይመላለሳሉ። ጥር አለፈ፣ የካቲት አለፈ።

በመጋቢት መጨረሻ እመይቴ ስንቃቸውን ቋጥረው ወደ መርጡለ ማርያም ተነሡ።

"ልጄን ካወጣችልኝ ብዬ ለእመቤቴ ተስያለሁ" አሉ። "ከደጇ ቆሜ እነግራታለሁ። ቅዳሜ የእንዳላማውን ስንቅ አንቺ አድርሺልኝ። ወፎቹንም አደራ። በለመዱት ሰዓት ካጡን ይርቁናል።"

"በሰላም ይግቡ፣ እመይቴ። አንድ ቀን አላስተጓጉልም።"

አላስተጓጎለችምም።

እመይቴ በሄዱ በአምስተኛው ቀን አንድ የጣሊያን መኪና መንገዱ ላይ ጭስ አውጥቶ ቆመ። ከውስጡ አንድ ሻምበልና አስተርጓሚው ወርደው ውሃ ፍለጋ ወደ ጓሮው ዘለቁ። አስተርጓሚው አለበል ይባላል፤ የደብረ ማርቆስ ሰው ነው፣ ምጽዋ ወደብ ላይ ሲሸከም ኖሮ ጣሊያንኛ የለመደ። ሥራነሽ ያን ጊዜ አራት ድንቢጦች መዳፏ ላይ፣ አንዲት ደግሞ አንጓዋ ላይ ነበሩ። ሻምበሉ ሲያያት ባለበት ቀጥ አለ። ቆቡን አወለቀ። አለበል ሊናገር ሲል በእጁ ዝም አሰኘው። ወፎቹ ጠግበው እስኪበሩ ድረስ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ ሻምበሉ ውሃውን ጠጣ፣ በአንገቱ አመሰገነ፣ ሄደ።

በማግስቱ ተመልሶ መጣ፤ በሦስተኛውም ቀን። በአራተኛው ቀን አለበል በሽቦ የተሠራ ሣጥን ተሸክሞ ነበር።

"የሻምበሉ አባት አገራቸው ውስጥ ወፍ ያረባሉ" አላት። "ከዚህ ዓይነቱ ሊልክላቸው ይፈልጋል። ወታደሮቹ በወጥመድ ቢይዙለት ላባቸው ተነቃቅሎ፣ እግራቸው ተሰብሮ ሞቱበት። አንቺ ግን በእጅሽ ትይዣቸዋለሽ። በምትኩ ምን ይደረግልሽ ይላል።"

ሥራነሽ ሣጥኑን አየችው። የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ባሌ ወህኒ ቤት ነው። ያለ ጥፋቱ ነው የታሰረ።"

አለበል ተረጎመ። ሻምበሉ ካቡን እያየ ጥቂት አሰበና በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

"ስሙ ማን ነው?"

"ድረስ።"

አለበል የድረስን ስም በወረቀት ጻፈ። ሻምበሉ አንድ ነገር ተናገረ። አለበል ቀና ብሎ አያት።

"ሌላስ?"

የእንዳላማው ስም ምላሷ ላይ ነበር። ሥራነሽ ይህን በኋላ ዘመኗን ሁሉ አልካደችም። ስሙ መጣ፣ ፊቱም መጣ፣ የእናቱ መቀመጫ ድንጋይም ከፊት ለፊቷ ነበር። ግን ደግሞ አሰበች፦ እነዚህ ሰዎች አንድ ሲሰጡ ሁለት ቢጠየቁ ይቆጣሉ፤ ስግብግብ ናት ይላሉ፤ ወረቀቱን ይቀድዱታል። ምራቋን ዋጠች።

"ሌላ የለኝም" አለች።

በማግስቱ ማለዳ ሣጥኑን ነጠላዋ ሥር ደብቃ በለመደችው ሰዓት ተቀመጠች። መጀመሪያ የመጣችው እግረ ቆልማማዋ ናት፤ ሁልጊዜም ቀዳሚዋ እሷ ነበረች። ሥራነሽ ጣቶቿን ቀስ አድርጋ አጠፈች። ወፏ አልተወራጨችም። እጁ ያው የምታውቀው እጅ ነውና በተጨበጠው መዳፍ ውስጥ ሆና አንዲት የቀረች ኑግ ለቀመች። የፈራችው ሣጥኑ ውስጥ ከገባች በኋላ ነው። ሌሎቹ ጩኸቷን ሰምተው ተበተኑ። ሥራነሽ "እንግዲህ ዳግመኛ አይመጡም፣ በቃ፣ ከእጄ ወጣ" ብላ ልቧ ቀለል አላት።

በማግስቱ ግን ተመልሰው መጡ። እሷን ያንገበገባት ይህ ነው። መጡና ሦስት ያዘች። በሦስተኛው ቀንም መጡ፣ ሦስት ያዘች። ሰባት ሆኑ። በአራተኛው ቀን ኑጉን ይዛ ብትቀመጥ ግራዋው ውስጥ ድምፃቸው ይሰማል እንጂ የወረደ አልነበረም። አለበል ሣጥኑን በጨርቅ ሸፍኖ ወሰደ።

ድረስ ረቡዕ ዕለት ከስቶ፣ ጢሙ ረዝሞ፣ በእግሩ መጣ። ለምን እንደተፈታ የነገረው አልነበረም። "ስሜን ጠሩ፣ ወጣሁ" አለ። "እንዳላማው በር ድረስ በዓይኑ ሸኘኝ። 'እናቴን ሳምልኝ' አለኝ።" ሥራነሽ እግሩን እያጠበችው ነበር። ቀና አላለችም።

እመይቴ ከመርጡለ ማርያም ሲመለሱ ድረስን ደጁ ላይ ተቀምጦ አገኙት። በትራቸውን ጥለው አንገቱን አቀፉት፤ ጉንጩን ግራ ቀኝ እያገላበጡ ሳሙት።

"ሰማችኝ" አሉ፤ "እመቤቴ ሰማችኝ። የስለቴ እኩሌታው ደረሰ። እኩሌታውም ይደርሳል።"

ከዚያ ወደ ሥራነሽ ዞረው፣ "ወፎቹስ ልጄ?" አሏት።

"ጭልፊት ገባባቸው፣ እመይቴ። ከዚያ ወዲህ እጅ ይፈራሉ።"

"ምን ታደርጊዋለሽ" አሉ አሮጊቷ። "እንደገና ነው እንጂ።"

እንደገናም ጀመሩ። ሥራነሽ በካቡ ላይ ታያቸዋለች። በብርዱ ማለዳ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ሰብረው ይቀመጣሉ። ወፎቹ ካቡ ላይ የተበተነውን ይለቅማሉ፤ እጁን ሲያዩ ይሸሻሉ። አሮጊቷ ክንዳቸው መንቀጥቀጥ እስኪጀምር ይቆዩና ኑጉን ጠቅልለው ይገባሉ። "እኔ ስሄድ ተቀየሙኝ መሰለኝ" ይላሉ።

አንድ ቅዳሜ ሥራነሽ የእንዳላማውን ስንቅ ይዛ ከእመይቴ ጋር ወህኒ ቤቱ በር ቆማ ሳለ አለበል በዚያ ሲያልፍ አያት። ለብቻዋ ገለል አደረጋት።

"ሻምበሉ ተዛወረ" አላት። "ወፎቹንም ይዞ ሄደ፤ ሁለቱ ሞተውበት ነበር።" ከዚያም፣ "ለምን አንድ ብቻ ጠየቅሽ?" አላት።

"እንዴት?"

"'ሌላስ' ስልሽ የእኔ ጥያቄ አልነበረም። እሱ ነው ያለኝ። በዚያን ዕለት ሁለትም ሦስትም ስም ብትሰጪው ይጽፍልሽ ነበር። እኔም የአሮጊቷን ልጅ አውቀዋለሁ፤ ትጠሪዋለሽ ብዬ ጠብቄ ነበር።"

"አሁን ቢጠየቅስ?"

"አሁን የመጣው ወፍ አይወድም" አለና ሄደ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የእመይቴ አገልግል እንደ ሞላ ተመለሰ። ዘበኛው ምንም አላላቸውም። በሩ ላይ ቆማ የነበረች ሌላ ሴት ናት የነገረቻቸው፦ ሐሙስ ዕለት እስረኞች በካሚዮን ተጭነው በደጀን በኩል ዓባይን ተሻግረዋል፤ ወዴት እንደሚወሰዱ ያወቀ የለም። እመይቴ አገልግሉን መሬት ላይ አስቀምጠው ክዳኑን ከፈቱ፤ እንጀራው እንደታጠፈ መሆኑን አይተው መልሰው ዘጉት። ሥራነሽ ልትሸከምላቸው እጇን ብትዘረጋ፣ "የለም፣ ለእኔ ተይልኝ" አሏት።

የዚያን ቀን ቤቷ ስትገባ ለድረስ ሁሉንም ነገረችው። ድረስ ጅራፍ ይፈትል ነበር። ጅራፉን አስቀመጠ።

"እዚያ ውስጥ ስንቄ ባለቀብኝ ቀን የሱን ነበር የምበላ" አለ። ሌላ ነገር እንዲናገራት ጠበቀች። እንዲመታት እንኳ ተመኝታ ነበር። እሱ ግን ተነሥቶ ወደ በሬዎቹ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ቀናት የሚያነጋግራት ስለ ሥራ ብቻ ሆነ።

ነገሩ እንቅልፍ ቢነሣት ወደ ነፍስ አባቷ ወደ አባ ወልደ ሰንበት ሄደች። አባ ወልደ ሰንበት ጎንበስ ብለው እስከ መጨረሻው ሰሟት።

"ስለ ወፎቹ አታልቅሺ" አሏት። "ከእነሱ አንዲቱም ያለ እግዚአብሔር ፈቃድ አትወድቅም ተብሏል።"

"አባ፣ አምነውኝ ነበር እኮ። በማግስቱም መጥተዋል።"

"እሱንስ አውቃለሁ።" አባ ወልደ ሰንበት መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ አንዱ እጅ አዛወሩ። "እንግዲህ እኔ ስግደትም ጾምም አላዝሽም። እናትየዋ ሳትሰማ እኔ ልፈታሽ አልችልም። መጀመሪያ ለእሷ ንገሪ፤ ከዚያ ነይ።"

እሺ ብላ ወጣች። ግን አልነገረችም። ሰኔ ገባ፤ ዘር ነው አለች። ሐምሌ ገባ፤ ዝናቡ ያባራ አለች። ሐምሌ አልፎ ፍልሰታ ጾም ሲገባ፣ እመይቴ በየቀኑ ከቅዳሴ በኋላ መንገድ ዳር ቆመው ከደጀን በኩል የሚመጣውን ሁሉ "እስረኞች አላያችሁም?" እያሉ ሲጠይቁ አየቻቸው። የዚያን ዕለት ካቡን ዞራ ገባች።

እመይቴ ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ምስር ይለቅማሉ። ሥራነሽ ሳትቀመጥ ነገረቻቸው።

"ጭልፊት የሚባል አልመጣም፣ እመይቴ። የያዝኳቸው እኔ ነኝ። ድረስን የፈቱት በእነሱ ምትክ ነው። ሌላ ስም ጥሪ ሲሉኝ ሌላ የለኝም አልኩ።"

አሮጊቷ ድንጋዩን ከምስሩ እየለዩ ቀጠሉ። ብዙ ለቀሙ። ከዚያ እጃቸው ቆመ።

"የልጄ ስም ትዝ አላለሽም ነበር?"

ሥራነሽ መዋሸት ትችል ነበር። ያን ጊዜ "አላለኝም፣ ተደናግጬ ነበር" ብትል ማን ያውቅባታል?

"ትዝ ብሎኝ ነበር" አለች። "ምላሴ ላይ ነበር።"

"ረስተሽው ቢሆን ይሻለኝ ነበር" አሉ እመይቴ። ሰፌዱን ከጭናቸው አውርደው መሬት ላይ አኖሩት። "እኔ ላንቺ ባል ነው ለእመቤቴ ምስጋና ያደረስኩ። ሂጂ አሁን።"

ሥራነሽ በሩ ላይ ስትደርስ ከኋላዋ ድምፃቸው ተከተላት።

"ድረስ ግን ይምጣ። እሱ አልበደለኝም።"

ከዚያ ወዲህ ድረስ የእመይቴን መሬት እንደ ራሱ ያርስ፣ ያጭድ፣ ይወቃ ጀመር። ሥራነሽ ካቡን አልተሻገረችም። አባ ወልደ ሰንበት ንስሐዋን ሰጧት፤ ሰገደች፣ ጾመች፣ ጨረሰችው። ሆኖም ቁርባን በቀረበ ቁጥር ሌላው ሰው ሁሉ ወደ ፊት ሲሄድ እግሯ ይከብዳታል። ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ መዳፏን ለመያዝ ጣቷን ስትዘረጋ ሥራነሽ ቀስ ብላ እጇን ትሰበስባለች፤ ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም።

ጣሊያን በሠላሳ ሦስት ወጣ። ታስረው የነበሩ ሰዎች በየጊዜው በመንገዱ ላይ ያልፉ ነበር። ከእነሱ አንዱ፣ የደጀን ሰው፣ የእመይቴን ደጅ አጠያይቆ መጣ። ከእንዳላማው ጋር በአንድ ካሚዮን ተጭኗል። እንዳላማው ዓባይን በተሻገሩ በሁለተኛው ወር በንዳድ መሞቱን፣ የቀበሩትም እነሱ ራሳቸው መሆናቸውን ነገራቸው። ሥራነሽ ወራቱን ቆጠረች። ሰኔ ነበር ማለት ነው። እሷ "ዘር ነው" እያለች ቀን ስትገፋ እሱ ሞቷል።

ለልቅሶው አገሩ ሁሉ መጣ። ሥራነሽም ሄዳ ከበሩ አጠገብ፣ ከሴቶቹ ሁሉ ወዲያ ተቀመጠች። "ጎረቤት አይደለሽ፣ ምነው ራቅሽ?" አለቻት አንዷ። ያን ጊዜ ነው እመይቴ ለማንም እንዳልተናገሩ ያወቀችው። ሦስት ዓመት ሙሉ ነገሩን በሆዳቸው ይዘው ኖረዋል። ይህን ስታውቅ ሸክሙ አልቀለላትም፤ ባሰባት እንጂ። ሰው ቢያወግዛት የሚቀልላት ይመስላት ነበር።

ከልቅሶው በኋላ እመይቴ ጉልበታቸው ደከመ፤ ምንጭ መውረድ አቃታቸው። ሥራነሽ ማለዳ ማለዳ አንድ እንስራ ውሃ ቀድታ ደጃቸው ላይ ማስቀመጥ ጀመረች። አስቀምጣ ትመለሳለች፤ አሮጊቷ ወጥተው ይገለብጡና ባዶውን እንስራ እዚያው ያኖራሉ። አይተያዩም። እንዲህ ሲሆን አንድ ክረምት አለፈ።

በጥቅምት አንድ ማለዳ ሥራነሽ እንስራዋን ስታወርድ በሩ ተከፈተ። እመይቴ የበሩን መቃን ይዘው ቆመዋል። በጣም አንሰዋል።

"የትናንቱ ውሃ ጭቃ ጭቃ ይላል" አሉ። "ከታችኛው ምንጭ ነው የቀዳሽው?"

"አዎ፣ እመይቴ። የላይኛው ከብት ገብቶበት ነበር።"

"ነገ ከላይኛው ቅጂ። ከብቶቹ ሳይወርዱ ድረሺ።"

"እሺ።"

አሮጊቷ ጎንበስ ብለው የእንስራውን ውሃ አዩ። ከዚያ በሩን መለስ አድርገው ገቡ። ሥራነሽ ይቅርታ ነው ብላ አልወሰደችውም፤ ይቅርታ ብላም አልጠየቀችም። ወደ ቤቷ ተመልሳ ለድረስ፣ "ነገ ማልጄ ነው የምነሣው፣ ሕፃኗን ያዝልኝ" አለችው። በማግስቱ ከከብቶቹ ቀድማ ላይኛው ምንጭ ደረሰች።